የዓባይ ጭቃ አይጥ

በጥምቀት ማግስት ማታ ስልኬ ጮኸ። ለንደን ያለችው ልጄ ናት ብዬ ሳነሳው ትልቁ የልጅ ልጄ ሆኖ አገኘሁት። ሰባት ዓመቱ ነው። አማርኛው እንደ ለማጅ ሾፌር ነው፤ ይነሳል፣ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ባላሰባችሁት በኩል ይታጠፋል። እናቱ «እርስዎ» እያለች ስታናግረኝ ቢሰማም እሱ ገና እዚያ አልደረሰም። እኔም አልቸኮልኩበትም።

«አባባ፣ የአሻንጉሊቶቹ ቤት ተዘጋ» አለኝ።

«የትኛው ቤት?»

«አይጧ ያለችበት። አሁን አይጧ የት ነው የምትተኛው?»

ወዲያው የምመልስለት አልነበረኝም። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ስለዚህ አንባቢዎቼ ይፍቀዱልኝና የዛሬው ጨዋታችን ስለዚያች አይጥና ስለነበረችበት ቤት ይሁን። ስለ አይጧ ብቻ ቢሆን ለእኔም ቀላል ነበር። ነገሩ ግን እየተሳበ ሄዶ ከሠላሳ ዓመት በፊት በገዛ ቤቴ የሠራሁት ጥፋት ላይ ይደርሳል።

ያለፈውን ነሐሴ ያሳለፍኩት ልጄ ጠርታኝ ለንደን ነበር። አያት ሆናችሁ ባሕር ማዶ የሄዳችሁ ነገሩን ታውቁታላችሁ። በርበሬውና ሽሮው ከሻንጣ ወጥቶ ለባለቤቱ ከተሰጠ በኋላ አያት ሥራ ፈት ነው። ልጄና ባለቤቷ ሥራ ይውላሉ፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ እኔና ሁለቱ ልጆች ካርቱን ስናይ እንውላለን። ዕድሜዬን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ፤ የአራት ዓመቷ የልጅ ልጄ ግን የምናገረው እንግሊዝኛ አይገባትም። ወንድሟ ያስተረጉምላታል። ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ!

መጀመሪያ የወሰዱን ትልቁ የብሪታንያ ሙዚየም ነው። ስምንት ሚሊዮን ያህል ዕቃ አለው። ትንሿ ከዚያ ሁሉ የወደደችው ደጅ ላይ እህል የሚለቅሙትን እርግቦች ነው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ደከመኝ አለች፣ ቀጥሎ ራበኝ፣ ቀጥሎ ሽንቴ መጣ። የቀረውን ጉብኝት እሷን አዝዬ ነው የጨረስኩት፤ ከፈርዖኖቹ ሐውልት ይልቅ የማስታውሰው የወገቤን ሕመም ነው።

ልጄ ይህን አይታ በቀጣዩ ቅዳሜ «አባባ፣ ዛሬ የምንሄደው ትንሽ ቦታ ነው፤ ወገብዎን አያሳስብዎት» አለችኝ።

ቦታው የፖሎክ የመጫወቻ ሙዚየም ይባላል። ጉጅ ስትሪት ከሚባለው የባቡር ጣቢያ ወጥታችሁ ጥቂት እንደተራመዳችሁ፣ ስካላ ስትሪት ማዕዘን ላይ ነበር። ሁለት ጠባብ ቤቶች ተጋጥመው አንድ ሆነዋል፤ አንደኛው ከሌላኛው በመቶ ዓመት ያህል ይበልጣል። የምትገቡት በመጫወቻ ሱቅ በኩል ነው። ከዚያ እየተጠማዘዘ በሚወጣ ጠባብ ደረጃ ከአንዱ ትንሽ ክፍል ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ። ወለሉ ሲረግጡት ይንቋቋል፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፣ ሁለት ሰዎች ደረጃው ላይ ከተገናኙ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ አለበት። የልጅ ጋሪ አይታሰብም። አያቴ ቤት ያለውን ቆጥ አስታወሰኝ፤ ልዩነቱ እዚህ ያለው እህል ሳይሆን አሻንጉሊት መሆኑ ነው።

የቤቱ ስም የመጣው ቤንጃሚን ፖሎክ ከሚባል ሰው ነው። ፖሎክ በለንደን ሆክስተን ሰፈር ሱቅ ነበረው፤ የሚያትመውና የሚሸጠው የወረቀት ቴአትር ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ተዋንያኑ፣ ቤተ መንግሥቱ፣ ጫካው፣ ሁሉም በወረቀት ላይ ታትሞ ይሸጣል። ልጁ ቀለም ይቀባዋል፣ በመቀስ ቆርጦ ካርቶን ላይ ይለጥፈዋል፣ ከዚያ ተዋንያኑን በሽቦ እየገፋ ወደ ትንሿ መድረክ ያስገባና ቃለ ተውኔቱን ራሱ ያነባል። ያልተቀባው ወረቀት አንድ ፔኒ፣ የተቀባው ሁለት ፔኒ ነበር። «ትሬዠር አይላንድ»ን የጻፈው ሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን በእነዚህ ወረቀቶች ያደገ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1884 ስለእነሱ ጽፏል። ቀለሙን ራሱ የሚቀባ ልጅ ትርፉ አንድ ፔኒ ብቻ አይመስለኝም፤ ሲቀባ የሚውልበት ቀን አለ። ለወላጆቹ ደግሞ የዚያን ቀን ጸጥታ ጨምሩበት።

ፖሎክ እ.ኤ.አ. በ1937 ሞተ፤ ሱቁም ከዓመታት በኋላ ከሰረ። ከዚህ ቀጥሎ ያለውን ታሪክ ነው እኔ የወደድኩት። ማርጋሪት ፎድሪ የምትባል እናት ልጇ ለሚጫወትበት የወረቀት ቴአትር የመግፊያ ሽቦ ትፈልጋለች። ሱቁ የለም። ንብረቱ በእጃቸው ያለውን የሒሳብ ሰዎች ፈልጋ ብትጠይቅ «ሽቦ ፍለጋ የሚቆፍር ሰው የለንም፤ ከፈለጉ ግን ያለውን በሙሉ ይግዙት» አሏት ይባላል። ገዛችው! ያንን ይዛ እ.ኤ.አ. በ1956 ኮቨንት ጋርደን አጠገብ በአንድ ቤት ጣሪያ ሥር ትንሽ ሙዚየም ከፈተች። በ1969 ደግሞ እኛ ወደሄድንበት ወደ ስካላ ስትሪት አዛወረችው። እንግዲህ ሁሉም ነገር የተጀመረው ለልጇ ጥቂት ሽቦ ልትገዛ በወጣች እናት ነው። ልጄ ይህን ስትነግረኝ እየሳቅኩ ሰማሁ። ደረጃውን ስወጣ ግን እኔ ለእሷ መጫወቻ ፍለጋ ከቤት የወጣሁበትን አንድ ቀን እንኳ ለማስታወስ ሞከርኩ።

ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ እንዲህ ያለ ቦታ ለምትሄዱ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዕቃው ሁሉ መስታወት ውስጥ ነው። መጫወቻ እያሳዩ አትንካ ማለት ለአራት ዓመት ልጅ ጭካኔ ነው፤ እኛም አንድ ሁለቴ ለቅሶ ሰምተናል። የገላገለን ትንሿ ከቤት ይዛው የመጣችው የጨርቅ ጥንቸል ነው። በየመስታወቱ ፊት ጥንቸሉን ከፍ አድርጋ «እየው» ትለዋለች። እጇ ባዶ ስላልሆነ መስታወቱን አትደበድብም። ወንድሟን ደግሞ እናቱ ከየክፍሉ አንዲት ነገር ብቻ መርጦ ለምን እንደመረጣት እንዲነግረን ጠየቀችው። እንዲህ ስትለው ልጁ ቀስ አለ። ከአንደኛው ክፍል የመረጠው ኤሪክ የሚባለውን ድብ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የተሠራ ነው። እኔም በበኩሌ የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1902 አደን ወጥተው የታሰረ ድብ አልተኩስም ስላሉ የአሻንጉሊት ድብ በቁልምጫ ስማቸው «ቴዲ» መባሉን ነገርኩት። ፕሬዚዳንቱ ብዙም አልገረሙትም። እሱ ማወቅ የፈለገው ኤሪክን አሁን ማን አቅፎት እንደሚተኛ ነው።

አይጧን ያገኘሁት እኔ ነኝ።

ትንሽ ነገር ናት፤ የማያስተውል ያልፋታል። ከጥንታዊት ግብፅ የመጣች መጫወቻ ናት፤ አራት ሺህ ዓመት ገደማ ይሆናታል። የተሠራችው ከዓባይ ጭቃ ነው። መነጽሬን አውልቄ፣ ጠርጌ፣ መልሼ አደረግኩ። ከዚያ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ እንደ ልጅ ተንበረከክሁ።

እኔ የተወለድኩት ሰከላ ነው፣ ግሽ ዓባይ አጠገብ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስንሰማው የኖርነውን ነገር ኋላ በትምህርትም አገኘሁት፤ ግብፅ ይደርስ የነበረው ደለል አብዛኛው በዓባይና በተከዜ ተጠርጎ የሚወርድ የእኛው ደጋ አፈር ነው። የእኛ ክረምት በሐምሌና በነሐሴ አፈሩን ያጥባል፤ የአስዋን ግድብ ሳይሠራ በፊት ጎርፉ በየዓመቱ ወርዶ የግብፅን ማሳ ያለብሰው ነበር። የጥንት ግብፆች አገራቸውን ከሜት፣ ጥቁሯ ምድር፣ ያሉት በዚያ ጥቁር አፈር ነው። አይጧ ውስጥ ካለው ጭቃ ምን ያህሉ ከሰከላ እንደወረደ ሊነግረኝ የሚችል ሰው እንደሌለ አውቃለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳስረዳ ግን እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ከየት ይመጣል?

«ይህቺ አይጥ የአገሬ ልጅ ናት» አልኩት።

«አንተ ታውቃታለህ?»

«ጭቃዋን አውቀዋለሁ።»

ከዚያም ደረጃው ላይ ተቀምጠን የእረኝነቴን ነገር አወራሁለት። ከብት ስንጠብቅ ከወንዙ ዳር ጭቃ እናወጣና በሬ እንሠራ ነበር። ጥሩ ጭቃ የሚጣበቅ፣ ሲጠቀልሉት የማይሰነጠቅ ነው፤ አሸዋ ያለበት አይሆንም። ቀንዱ እሾህ ነው። ሁለት በሬ እናጣምዳለን፣ ቀንበሩ ስንጥር ነው፣ ጅራፉ የእንሰሳ ጭራ ፀጉር ነው። ለየበሬው ስም አለው። ፀሐይ ላይ አድርቀን ድንጋይ ሥር እንደብቃቸዋለን፤ በማግስቱ መጥተን እናርሳለን።

«አሁን የት ናቸው?» አለኝ።

«ክረምት ሲመጣ ይሟሟሉ።»

ትንሿ በወንድሟ በኩል ስትከታተል ቆይታ አንድ ነገር ጠየቀች። አስተረጎመልኝ፤ «አይጧ ለምን አልሟሟችም?» ነው የምትለው።

እንዴት ያለ ጥያቄ ነው! ግብፅ ዝናብ እምብዛም አይዘንብም፣ ለዚያ ይሆናል አልኳት። ይህን እንዳልኩ የእነዚያ በሬዎች ነገር ሌላ መልክ ያዘብኝ። እኛ የሠራናቸው ሁሉ ሟሙተው ወንዝ ገብተዋል። የእኛ አገር ልጅ ሲጫወት የኖረው በጭቃ፣ በጨርቅ፣ በቆርኪና በሽቦ ነው። ጭቃው ይሟሟል፣ የካልሲው ኳስ ይፈታል፣ የሽቦው መኪና ይዝጋል፣ የጨርቋ አሻንጉሊት ትጣላለች። ይህን ሳስብ ነው መሰለኝ ቀና ብዬ ልጄን በዓይኔ የፈለግኩት።

እሷ ቀድማን ወደ አሻንጉሊቶቹ ክፍል ገብታ ነበር። ይህ ክፍል ለልጅ ቀላል አይደለም። የሰምና የሸክላ ፊት ያላቸው፣ የመስታወት ዓይን ያላቸው የድሮ አሻንጉሊቶች ከየመደርደሪያው ትክ ብለው ያያሉ። ትንሿ አንዴ አይታ ፊቷን እግሬ ውስጥ ቀበረች፤ የጥንቸሉንም ዓይን ሸፈነችለት። እናቷ ግን ከሰም እመቤቶቹ ፊት አልቆመችም። ጥግ ላይ፣ አንዲት ከጨርቅ የተሰፋች አሻንጉሊት ፊት ቆማለች። ልጇ ተጠግታ እጇን ስትይዛት በአማርኛ እንዲህ ስትላት ሰማሁ፤

«እኔም እንደዚህ ዓይነት ነበረችኝ። አያቴ ነበረች የሰፋችልኝ።»

«የት አለች?»

«ጠፋች።»

አልጠፋችም። የጣልኳት እኔ ነኝ።

ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር። እናቴ ከሰከላ ለሕክምና መጥታ ሁለት ሳምንት እኛ ጋ ስትቆይ እጇ ሥራ መፍታት አልቻለምና ያረጀ ነጠላዋን ቀዳ አሻንጉሊት ሰፋችላት። ቀሚሷ ላይ የነጠላው ጥለት አለ፤ ፀጉሯ ጥቁር የሱፍ ክር ነው፤ ዓይኗ ሁለት ስፌት። ስሟን እማዋይሽ አሏት። እናቴ ከሄደች በኋላ እማዋይሽ ከልጄ እጅ አልወጣ አለች፤ ጥናት ጠረጴዛ ላይ ትቀመጣለች፣ አልጋ ላይ ትተኛለች፣ አንዳንዴም ምሳ ይቀርብላታል። ያ ዓመት የሚኒስትሪ ፈተና ዓመት ነው። በግማሽ ዓመቱ ልጄ ከሁለተኛ ወደ ዘጠነኛ ወረደች። እኔ እዚያው ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፤ ካርዷን ያየሁት በመምህራን ክፍል፣ ባልደረቦቼ ፊት ነው። አፈርኩ። ያስቆጣኝ ይህ እንጂ የልጅቷ ነገር አልነበረም፤ ዛሬ ሳስበው ይታወቀኛል።

እሑድ ከእናቷ ጋር ቤተ ክርስቲያን ሄዳ ሳለ እማዋይሽን በጋዜጣ ጠቅልዬ የሰፈሩ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከተትኳት። ልጅቷ ሦስት ቀን ፈለገች። አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ኋላ፣ የውሻው ቤት ሳይቀር። እኔ ጋዜጣ እያነበብኩ «ጠፍታ ይሆናል፤ አንቺስ ትልቅ ልጅ አይደለሽ?» አልኳት። በአራተኛው ቀን ፍለጋውን ተወች። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አለፈች፤ እኔም ለብዙ ዓመት ያንን ውጤት ለራሴ ቆራጥነት ስቆጥረው ኖርኩ። እናቴ በሰው ባስጻፈችው ደብዳቤ «እማዋይሽስ እንዴት ናት?» ብላ ጠየቀች። «ደህና ናት» ብዬ መለስኩ። እናቴ ይህን እንዳመነች አረፈች።

ከሙዚየሙ ስንወጣ ከታች ሱቁ ላይ አንድ የወረቀት ቴአትር ገዛን፤ ያልተቀባውን። ማታ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጠርገን ልጆቹ ቀለም ሲቀቡ፣ እናታቸው ስትቆርጥ፣ እኔ ስለጥፍ አመሸን። የንጉሡ ፊት አረንጓዴ ሆኗል፤ ማንም አልተቃወመም። ልጆቹ ከተኙ በኋላም ልጄ መቀሱን አልተወችም፤ የአንዱን ወታደር ጣቶች አንድ በአንድ እየዞረች ትቆርጣለች። ስትሠራ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ የማውጣት ልማድ አላት። በአሥራ ሁለት ዓመቷም እንዲሁ ነበረች።

«ልጄ፣ እማዋይሽ አልጠፋችም» አልኳት። «የጣልኳት እኔ ነኝ።»

መቀሱን አላቆመችም።

«አውቃለሁ አባባ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ሰኞ ጠዋት ትምህርት ቤት ስሄድ ገንዳው አፍ ላይ አየኋት። ጋዜጣው ተቀዶ እግሯ ወጥቶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አላነሳሻትም?»

ወታደሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ካነሳኋት ማወቄን ያውቃሉ ብዬ» አለችኝ።

ልጅቷ እኮ ከሰኞ በኋላም ሁለት ቀን ስትፈልግ ነበር። አልጋ ሥር ገብታ ስትፈልግ አይቻታለሁ። እኔን ላለማሳፈር ነበር የምትፈልገው። ይቅርታ አልኳት፤ እንዴት እንዳልኩት ግን አልጽፈውም። እሷም አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ሻይ አፈላች። ቆይታ እጄን ይዛ ከደረጃው ሥር ያለውን ቁም ሳጥን ከፍታ አሳየችኝ። እስከ ጣሪያው ሙሉ ነው። ጎማው የወለቀ መኪና፣ ጆሮው የተቀደደ ዝሆን፣ የመጀመሪያ ጫማ፣ ነጥብ ነጥብ የተሞነጫጨረበት ወረቀት። «ባለቤቴ ይቆጣል» አለችኝ። «ቤቱ ጠባብ ነው፣ እውነቱን ነው። ግን እጄ አይጥልም።»

አንባቢዎቼ፣ የዕቃ ብዛት እንደሚያስቸግር አላጣሁትም። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሦስት ልጅ የምታሳድግ እናት ሁሉን ታስቀምጥ የሚል ሰው ራሱ መጥቶ ያጽዳው። የላስቲክ መጫወቻ በየወሩ ይገዛል፣ በየሳምንቱ ይሰበራል፤ መጣል አለበት። እኔ የምለው ልጁ እያየ ይጣል ነው። የሰባት ዓመት ልጅ «ይሄ ይሂድ፣ ይሄ ይቅር» ማለት ይችላል፤ የልጅ ልጄ በሙዚየሙ ከየክፍሉ አንድ አንድ ሲመርጥ አይቼዋለሁ፣ የምታምኑትን ያህል አስቦ ነው የሚመርጠው። የሚሰጥ ከሆነም ለማን እንደሚሰጥ ይወቅ። ሲያለቅስ ያልቅስ፤ ለቅሶው በግልጽ ይሁን። ከሁሉም የከፋው የእኔ ዓይነቱ «ጠፍታ ይሆናል» ነው።

በማግስቱ እሑድ ልጁ ሲነጋ ቀስቅሶኝ በሬ እንሥራ አለ። ከቤታቸው ጓሮ መሬት ቆፈርን። የለንደን መሬት ከላይ ጥቂት ዝቅ ሲሉበት የሚጣበቅ ሸክላ አፈር ነው፤ የከተማዋ የምድር ውስጥ ባቡር ብዙው ዋሻ የተቆፈረው በዚያ ነው። አንዱን ጠቅልዬ ብሞክረው አልተሰነጠቀም። ሁለት በሬ ሠራን። ቀንዱ የጽጌረዳ እሾህ ሆነ። ልጁ በጀርባው ላይ ያወጣሁትን ነገር ቁስል መስሎት በአውራ ጣቱ ተጭኖ አስተካከለው። ሻኛ ነው አልኩት። እዚያ አገር ላሞች ሻኛ ስለሌላቸው ሻኛ የሚባለውን ቃል በአማርኛ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ደስ ያለኝ ነገር ይህ ነው። ትንሿ አይጥ ሠራች። አይጥ መሆኗን የምናውቀው እሷ ስላለች ነው። ሦስቱንም መስኮቱ ላይ አሰለፍናቸው፤ ቤት ውስጥ ዝናብ የለም።

አዲስ አበባ ከተመለስኩ በኋላ በመስከረም የጎረቤቴን ሁለት ልጆች ይዤ ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ወዳለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ሄጄ ነበር። የቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት ነው፤ ነገር ግን ባህላዊ ዕቃዎቹ የተደረደሩት በሰው ዕድሜ ቅደም ተከተል ስለሆነ ልጅነት ራሱን የቻለ ቦታ አለው፤ ከውልደት ተነስቶ ጨዋታውንም ይጨምራል። ከልጆች ጋር ስትሄዱ ከዚያ ጀምሩ፤ ሌላው ቢቀር ይቅር። ግቢው ውስጥ ጣሊያን የሠራው፣ የሙሶሊኒን የሥልጣን ዓመታት የሚቆጥረው አሥራ አራት እርከን ያለው ደረጃ አለ፤ ከላዩ ላይ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ልጆቹ እርከኖቹን ሦስት ጊዜ ቆጥረው አንበሳው አሸነፈ አሉኝ።

ሌላም ነገር ጀምሬያለሁ። ታናሽ እህቴ የእናታችንን ስፌት ታውቀዋለች። ሰከላ ድረስ ደውዬ አሻንጉሊት ስፊልኝ ስላት መጀመሪያ ያረጀሁ መሰላት። ነገሩን ስነግራት ዝም አለች፤ ቆይታ «የእማዬ ነጠላ አንዱ እኔ ጋ አለ» አለችኝ። እስካሁን አልደረሰኝም። ሲደርሰኝ መንገደኛ ፈልጌ እልከዋለሁ። ልጄ ትወደው እንደሆነ እንጃ፤ አዲሲቱ እማዋይሽ እንዳልሆነች እኔም አውቃለሁ።

ወደ ስልኩ ልመለስ። በማግስቱ እኔው ደወልኩለት። እናቱን ጠይቄ ነገሩን አጣርቻለሁ። ሙዚየሙ እ.ኤ.አ. በጥር 2023 ያንን ሕንፃ ለቅቋል፤ ያን ጊዜ ዕቃዎቹ ተጠቅልለው ሳጥን ውስጥ ገብተው፣ ሌላ ቤት እየተፈለገላቸው ነበር።

«አይጧ ሳጥን ውስጥ ናት» አልኩት። «በጥሩ ወረቀት ጠቅልለዋታል።»

«ጨለማ ነው?»

«ጨለማ ነው። ግን አራት ሺህ ዓመት የኖረች ናት፤ ለምዳዋለች።»

ትንሽ አሰበ።

«አባባ፣ የእኛ በሬ ቀንዱ ወደቀ።»

«አንዱ ነው ሁለቱም?»

«አንዱ። ጠፍቶ ነበር፣ እማ ሶፋው ሥር አገኘችው። ወረቀት ውስጥ አድርጋ መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። መቼ መጥተህ ትተክለዋለህ?»

ለክረምት እመጣለሁ አልኩት። እስከዚያ በሬውን ከመስኮቱ ላይ እንዳያነሳው፣ እህቱም ውሃ እንዳታጠጣው አደራ አልኩት።

«አጠጥታዋለች እኮ» አለኝ።